አርባ አንድ ለዘጠኝ

ሙሄ ጅዳ ውስጥ ፔትሮሚን በሚባለው የጋራዥ ሰፈር ሰባት ዓመት ሲሠራ በእጁ ሥራ አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም። የሚያሳስበው ወረቀቱ ነበር። ከወሎ፣ ውጫሌ አጠገብ ካለች ቀበሌ ተነስቶ በዑምራ ቪዛ ገባ፤ ቪዛው ሲያልቅ አልተመለሰም። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለውም፤ ካፊል ሆኖ ስሙን የሚያስመዘግብለት ሳዑዲም የለውም። መንገድ ላይ የፖሊስ መኪና ሲያይ አቅጣጫ ይቀይራል። ጋራዥ ገብቶ ቱታውን ሲለብስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ባለመኪናውም አለቃውም ይሰሙታል።

ሙያውን የተማረው እዚያው ነው። መጀመሪያ የተቀጠረው በናፍጣ የተነከረ ብሩሽ ይዞ የተፈታታ ካምቢዮና ዲፈረንሻል እንዲያጥብ ነበር። ሌሎቹ አጣቢዎች አጥበው ያስረክባሉ። ሙሄ ግን እያጠበ ጥርስ ይቆጥር ነበር። ዲፈረንሻል ውስጥ ኮሮና የሚባል ትልቅ ክብ ጥርሳም ብረት አለ፤ እሱን የሚያዞረው ትንሹ ፒኞን ይባላል። የአንዱ መኪና ኮሮና ሠላሳ ዘጠኝ ጥርስ፣ የሌላው አርባ አንድ፤ የአንዱ ፒኞን ሰባት፣ የሌላው አሥር። ለምን እንደሚለያዩ የሚነግረው ስላልነበረ ሹፌሮቹን ይጠይቃል። «ዳገት ላይ እንዴት ናት? ሜዳ ላይስ ስንት ትሄዳለች?» ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢያቋርጥም ማካፈል አልጠፋበትም። ትልቁን ቁጥር ለትንሹ እያካፈለ መልሱን ሹፌሮቹ ከነገሩት ጋር ሲያስተያይ ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠለት። በሦስተኛው ዓመት የጋራዡ አለቃ፣ የመናዊው ሰዒድ፣ ብሩሹን ተቀብሎ መፍቻ ሰጠው። በአምስተኛው ዓመት ካምቢዮ የሚያወርደው ሙሄ፣ ከደንበኛ ጋር ሻይ የሚጠጣው ሰዒድ ሆነ።

ሚስቱ ሀሰና መካ፣ መንሱር ሰፈር ነው የምትኖረው። ኒካህ ያሰሩት እዚያው፣ በአገራቸው ሰዎች መሐል ነው። እሷ ስትመጣ ወረቀት ነበራት፤ በቤት ሠራተኛነት የቀጠራት ሰው ቤት ኑሮው አላስኬድ ሲላት ወጣች። ሰውየውም ጠፋችብኝ ብሎ አመለከተ። ሁሩብ ይሉታል እዚያ። ስሟ አንዴ ሁሩብ ከገባ ኢቃማዋ ከንቱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ በተመላላሽነት ምግብ እየሠራች ትተዳደራለች። ሙሄ ሐሙስ ማታ ከጅዳ ሄዶ ዓርብን ከእሷ ጋር ይውላል።

በፈረንጆቹ 2013 ሚያዝያ ላይ መንግሥት ሙህላ የሚሉትን የእፎይታ ጊዜ ሰጠ። ወረቀት የሌለው ጀዋዛት የሚባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሄዶ በጥቂት ወራት ውስጥ ያስተካክል፣ ካልሆነም አገሩ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ የተገኘ ይያዛል ተባለ። ፔትሮሚን ወሬው ሌላ አልሆነም። ሰዒድ ሙሄን አጠገቡ አስቀምጦ እውነቱን ነገረው።

«እኔ ራሴ በሰው ስም ነው የምሠራው፤ ካፊል ልሆንህ አልችልም። ሳዑዲ ፈልግ።»

«እፈልጋለሁ» አለ ሙሄ።

«ከየት?»

«ሳዑዲዎች መኪና የላቸውም እንዴ? ከሚሰበርባቸው አንዱ ይመጣል።»

ሰዒድ ሳቀ። ሙሄ ግን የተናገረውን አምኖበት ነበር።

በሰኔ አንድ ረፋድ ላይ ገልባጭ የሚጎትተው ቢጫ አውቶቡስ በር ላይ ቆመ። አፍንጫው ረጅም፣ አሜሪካን ሠራሽ የተማሪ ማመላለሻ ነው። ከአውቶቡሱ አንድ ነጭ ጺም ያላቸው ወፍራም ሰው ወረዱ። አቡ ነዋፍ ይባላሉ። መካ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን በአስተማሪነት ያሳለፉና ጡረታ የወጡ ናቸው። ቤተሰባቸው ከአባት ከአያት ጀምሮ በሐጅ ወቅት ለመንገደኛ ምግብ ያበላል። እሳቸው ደግሞ ድንኳን መትከል ሲሰለቻቸው ከጨረታ ይህን አውቶቡስ ገዙ። ከኋላ ያለውን ግማሽ ወንበር አስነቅለው የጋዝ ምድጃ፣ መደርደሪያና ሁለት ትልልቅ የውኃ ታንከር አስገቡበት። የፊቱ ግማሽ ወንበር እንዳለ ቀረ። በሐጅ ወቅት ወጥ ቤት ነው፤ በጋው ሲበረታ ደግሞ ቤተዘመዱን ጭኖ ነፋሻ ወደሆነችው ጣኢፍ ይወጣል። ይወጣል ቢባልም መውጣቱን ካቆመ ቆይቷል።

«ስንተኛው ፍሪሲዮን ነው የተቃጠለው?» ሲል ጠየቃቸው ሙሄ፣ ሽታውን ከሩቅ ለይቶ።

«ሦስተኛው። ሦስቱም የተቃጠሉት ያው ዳገት ላይ ነው።»

ታሪኩን ተናገሩ። አውቶቡሱ መጀመሪያ ኦቶማቲክ ነበረ። ኦቶማቲኩ ሲሞት አንድ ጋራዥ ማንዋል ካምቢዮ ገጠመላቸው። ከዚያ በጅዳ መንገድ ላይ ሰማንያ ሲሞላ ሞተሩ እየጮኸ ጆሮ አደነቆረ። ሌላ ጋራዥ ወሰዱት። ያኛው የኋላውን ዲፈረንሻል አውጥቶ «ፈጣን» ያለውን አስገባላቸው። አሁን ሜዳ ላይ ይበርራል፤ ዳገት ሲደርስ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይሸታል፣ ይቆማል።

ሙሄ የኋላውን ጎማዎች በክሪክ አስነሳ። ከካምቢዮ ወደ ኋላ በሚሄደው ረጅም ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ሰዒድ በግራ፣ እሱ በቀኝ ሆነው ጎማዎቹን እኩል አንድ ዙር አዞሯቸው። ዘንጉ አራት ዙር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ጎማው አንድ ሞላ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ለአሥር» አለ ሙሄ። «ሳይከፈት እነግርዎታለሁ። ይሄ ከሜዳ መኪና የወጣ ነው። መጀመሪያ የነበረው አርባ አንድ ለሰባት ሳይሆን አይቀርም፤ ጎማው አንዴ እንዲዞር ዘንጉ ስድስት ጊዜ ሊዞር ጥቂት የሚቀረው።»

«እና የቱ ነው ልክ?»

«ሁለቱም ለእርስዎ ልክ አይደሉም። ብዙ የሚዞር ጉልበት አለው፣ ፍጥነት የለውም። ጥቂት የሚዞር ፍጥነት አለው፣ ጉልበት የለውም። እርስዎ ደግሞ በአንድ መኪና ጅዳም ጣኢፍም መሄድ ይፈልጋሉ።» እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀጠለ። «ዋናው ጥፋት ግን ካምቢዮው ላይ ነው። ኦቶማቲኩ ውስጥ በዘይት የሚሠራ ነገር አለ፤ መኪናው ሲነሳ የሞተሩን ጉልበት ያበዛለታል። ማንዋል ያ የለውም። ስለዚህ አንደኛ ማርሹ በጣም ከባድ መሆን ነበረበት። እነሱ የገጠሙልዎት የዳቦ ማመላለሻ መኪና ካምቢዮ ነው፤ አንደኛው ከተማ ውስጥ ለመነሳት እንጂ ውኃና ቤተዘመድ ጭኖ ተራራ ለመውጣት አልተሠራም። ጉልበት በሌለው ማርሽ ላይ ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን እየረገጠ ሊያግዝ ይሞክራል፤ የሚቃጠለውም ለዚህ ነው።»

አቡ ነዋፍ ተማሪ እንደሚያዳምጡ ሆነው አዳመጡት። ከዚያ «መድኃኒቱስ?» አሉ።

«ሁለቱንም እቀይራለሁ። ከውኃ ቦቴ ወይም ከገልባጭ የወጣ፣ አንደኛው ከባድ የሆነ ካምቢዮ። ከኋላ ደግሞ መሐለኛውን፣ አርባ አንድ ለዘጠኝ። አንደኛ ማርሽ ከመጀመሪያው ይበልጥ ጉልበት ይኖረዋል፤ አምስተኛው ላይ ደግሞ ሞተሩ ሳይጮህ ዘጠና ይሄዳል።»

«የእጅህን ስንት ትላለህ?»

«ስለሱ ሰዒድ ያነጋግርዎታል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ካፊል እፈልጋለሁ።»

ሰዒድ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሙሄ ግን አልተሽቆጠቆጠም።

«ታንከሮቹን ውኃ ይሙሏቸው። ወንበሩን በሙሉ ሰው ያስቀምጡበት። ዳገቱ መሐል ላይ፣ እጅግ በሚከብደው ቦታ አስቁሜ እንደገና እንዲነሳ አደርገዋለሁ። ፍሪሲዮኑ ከሸተተ በማግስቱ ወደ ጀዋዛት ሄጄ ያዙኝ እላለሁ። ካልሸተተ አብረን ወደ ጀዋዛት ሄደን ስሜን ያስመዘግቡልኛል።»

«አንተ ሰው፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ጥርስ ስቆጥር ተሳስቼ አላውቅም፣ ያ ዐም» አለ፤ አጎቴ ማለቱ ነው።

አቡ ነዋፍ እጃቸውን ዘረጉለት።

ካምቢዮው ብዙም አላስቸገረም፤ ከተገለበጠ የውኃ ቦቴ ላይ ተገኘ። ዲፈረንሻሉ ግን አስቸገረ። ሙሄና ሰዒድ የአሮጌ መኪና መበተኛ በሆነው ተሽሊሕ ውስጥ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተንከራተቱ። በሦስተኛው ቀን ሰዒድ ከአንድ ቦታ አርባ አንድ ጥርስ ያለው ኮሮና፣ ከሌላ ቦታ ዘጠኝ ጥርስ ያለው ፒኞን አግኝቶ እየሮጠ መጣ።

«ኸላስ፣ ተገኘ» አለ።

ሙሄ ሁለቱን አገላብጦ ጫፋቸው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አየ። «አብረው አልተወለዱም። ቁጥራቸው የተለያየ ነው። ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ እርስ በርሳቸው ተፋጭተው ነው የሚወጡት። እነዚህን ካጋባናቸው በወር ውስጥ ይበላላሉ።»

«ማን ያውቃል? አንድ ጊዜ ዳገቱን ከወጣልህ ወረቀትህን ትይዛለህ።»

«እኔ አውቃለሁ። ሽማግሌው ደግሞ ልጅ ልጆቻቸውን ነው የሚጭኑበት።»

ሰዒድ ተበሳጭቶ ብረቶቹን ወረወራቸው። አመሻሽ ላይ ግን ከአጥሩ ጥግ፣ ጣሪያው የተጨፈለቀ አንድ የተማሪ አውቶቡስ አገኙ። ሙሄ ከሥሩ ገብቶ ክዳኑን ከፈተ፤ ቆጠረ፤ ቁጥሩን በጣቱ ጠርጎ አነበበ። ኮሮናውም ፒኞኑም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ነበር። ከሥሩ ሳይወጣ «ሰዒድ፣ መፍቻ አምጣ» አለ።

ሁለቱ ብረቶች ሲገጠሙ ጥርስ ከጥርስ የሚነካካው መሐሉ ላይ መሆን አለበት። ያን ለማየት ጥርሶቹ ቀለም ይቀባሉ፤ ከዚያ ይዞራሉ፤ ቀለሙ የተነሳበት ቦታ መነካኪያውን ያሳያል። ጋራዡ ውስጥ ቀለም አልቆ ነበር። ሙሄ ከቦርሳው ከአል-ባላድ ገበያ ለሀሰና የገዛላትን ሂና አወጣና በግራሶ ለውሶ ቀባቸው። አንዴ ወደ ጫፍ በዛ፤ ስስ ቆርቆሮ ጨመረና ደገመ። አራተኛው ላይ ምልክቱ መሐል ላይ እንደ ቴምር ፍሬ ሞላላ ሆኖ ተቀመጠ።

ሐሙስ ማታ መካ ሲሄድ ሀሰና እጇን ዘርግታ ሂናዋን ጠየቀችው።

«አውቶቡስ ተቀባው» አላት።

«አውቶቡስ?»

«ሙሽራ ነው። ከኢቃማ ጋር ሊድረኝ ነው።»

ነገሩን ሁሉ ነገራት። ሲጨርስ «ጀዋዛት ሄጄ ያዙኝ እላለሁ ያልከው እውነትህን ነው?» አለችው።

«እውነቴን ነው። ግን አልሄድም።»

ወደ ጣኢፍ የወጡት እሑድ ጠዋት ነው። መሪውን የያዙት አቡ ነዋፍ ራሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ባለቤታቸው፣ እህታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ሃያ ሁለት ነፍስ። ታንከሮቹ እስከ አፋቸው ሞልተዋል። ሙሄ ከሾፌሩ አጠገብ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። ሜዳውን ዘጠና ሲሄዱ አቡ ነዋፍ ከባለቤታቸው ጋር ሳይጮኹ አወሩ። ተራራው ሥር ሲደርሱ ወሬው ቆመ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ በግራ ገደል ነው። ሦስተኛ ማርሽ፣ ከዚያ ሁለተኛ። አሮጌው ፍሪሲዮን የተቃጠለበት ኩርባ ሲታይ የአቡ ነዋፍ እህት ቁርዓን መቅራት ጀመሩ።

«እዚህ ያቁሙት» አለ ሙሄ።

«እዚህ?»

«እዚህ። እጅ ፍሬኑን ይያዙት። አንደኛ ያስገቡ። ነዳጁን አይርገጡ፤ ፍሪሲዮኑን ብቻ ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ ጎማው መያዝ ሲጀምር ፍሬኑን ይፍቱ።»

አቡ ነዋፍ ግንባራቸው ላብ አውጥቶ ነበር። ፔዳሉን በጥቂት በጥቂቱ ለቀቁ። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ስንዝር አልተንሸራተተም። የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ወፈረና ጎማው መዞር ጀመረ፤ ከነውኃው ከነሰዉ፣ በእግር ከሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ ወጣ። ሙሄ አፍንጫውን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጎ አሸተተ። የሸተተው የሴቶቹ ሽቶና ከኋላ የተጫነው ሽንኩርት ብቻ ነው። አናቱ ላይ ሲደርሱ አቡ ነዋፍ አቁመው ወረዱና ከጎማው አጠገብ ብዙ ቆሙ። ሲመለሱ ያሉት አንድ ነገር ነው።

«ሰኞ ፓስፖርትህን ይዘህ ና።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ወረቀት ሊያስተካክል የመጣው ሕዝብ ጎዳናውን ዘግቷል። ሽማግሌው በሙቀቱ ከሙሄ ጋር ተሰለፉ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ተሰለፉ። ከረመዳን በኋላ ኢቃማው ወጣ። ሙያ በሚለው ላይ «ሾፌር» ተጽፏል። ሙሄ ካርዱን ፊትና ጀርባውን አየው፤ ኪሱ ከተተውና የዚያን ቀን ከሰዒድ ተሰናበተ፤ ቆይቶም መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ወደ መካ ተዛወረ። ለሀሰና ግን መላ አልተገኘም። አቡ ነዋፍ የቀድሞ አሠሪዋ ዘንድ ደውለው ሁሩቡን እንዲያነሳላት ለመኑት፤ ሰውየው ስልኩን ዘጋባቸው።

ሐጅ መጣ፤ ሙሄ አውቶቡሱን እየነዳ፣ ሀሰና ከሌሎች ሴቶች ጋር በአውቶቡሱ ምድጃ እየቀቀለች በሺህ ለሚቆጠር ሰው ሩዝ አደሉ። ከዚያ ኅዳር ገባና ሙህላው አለቀ። በማግስቱ አሰሳው ተጀመረ። ፔትሮሚን ጋራዦቹ በራቸውን ዘጉ። መንሱር ውስጥ ሱቆች ተዘጉ፤ ለዳቦ የወጣ ሰው ሳይመለስ ይቀራል። ታክሲ አበሻ አልጭንም አለ። ሀሰና ከአሥራ አራት ሴቶችና ከስምንት ሕፃናት ጋር በአንድ ቤት ተከታ ሦስት ቀን ከዋለች በኋላ ሙሄ ገብቶ አያት።

«ወስኛለሁ» አለችው። «ሁላችንም ወስነናል። አገራችን እንገባለን። ግን በር ተሰብሮ፣ በፀጉር ተጎትተን አይደለም። ሻንጣችንን ይዘን፣ ልብሳችንን ለብሰን ነው መግባት የምንፈልገው። ከእኛ ጋር ያለችው ኸይሪያ መንታ ልጆች አሏት፤ በእግሯ የትም አትደርስም።»

«ነገ ጠዋት ተዘጋጁ» አላት።

ሙሄ በቀጥታ አቡ ነዋፍ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወረቀት የሌለው ሰው የጫነ ይታሰራል፣ መኪናውም ይወረሳል። አንተም ኢቃማህን ታጣለህ።»

«ደብቆ የጫነ ነው የሚታሰረው። እኛ ወደ ራሱ ወደ ፖሊስ ነው የምንወስዳቸው። ካስተማሯቸው ልጆች መሐል ፖሊስ የሆነ የለም?»

«አለ» አሉ አቡ ነዋፍ ጺማቸውን እየዳሰሱ። «ሒሳብ የማይገባው ነበረ። አሁን መኮንን ሆኗል።» ስልካቸውን አነሱ። ንግግሩ ረጅም ነበር፤ አንዳንዴ ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንዳለ አስተማሪ ከፍ ይላል። ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጃቸው ገባ። ያ ቢጫ አውቶቡስ በፈቃዳቸው እጅ የሚሰጡ ሰዎችን ከአገር እስኪላኩ ወደሚያርፉበት ማቆያ ማድረስ ይችላል ይላል። «እኔም ከፊት እቀመጣለሁ» አሉ።

በማግስቱ ፀሐይ እንደወጣች ሴቶቹ ዐባያቸውን ለብሰው፣ ልጆቻቸውን ይዘው፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ በሰው ፊት ወጥተው ተሳፈሩ። ማንም አልነካቸውም። ሀሰና ከሁሉም በኋላ ገባችና ወደ ምድጃው ሄዳ የታንከሩን ውኃ ለካች።

ማቆያው ከመካ ወደ ጅዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሊደርሱ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው የአውቶቡስ ሰልፍ ገጠማቸው። መንገዱ ወደ በሩ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። ሰልፉ ሃያ ሜትር ይሄዳል፣ ይቆማል። ሙሄ አንደኛ አስገብቶ ሁለቱንም እግሩን ከፔዳሎቹ ላይ አነሳ። አውቶቡሱ በራሱ፣ ከሕፃን እርምጃ ቀስ ብሎ እየዳኸ ከፊቱ ያለውን ይከተላል። ሌሎቹ አውቶቡሶች የኪራይ፣ ለፈጣን መንገድ የተሠሩ ናቸው፤ በየሃያ ሜትሩ ፍሪሲዮን መርገጥ ግድ ይላቸዋል። በሁለተኛው ሰዓት መንገዱ ላይ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ተነሳ። በሦስተኛው ሰዓት ከፊታቸው ያለው አውቶቡስ ጭራሽ አልነሳ አለ። ሃምሳ የሚሆኑ ሰዎች ተጭነውበታል፤ ሁሉም አበሾች። ሞተሩ ሲጠፋ ማቀዝቀዣውም ጠፋ። ሕፃናት ሲያለቅሱ በመስኮቱ ይሰማል። ፓኪስታናዊው ሹፌር ወርዶ ራሱን ይዞ ቆመ።

ሙሄ ወረደ። «ሰንሰለት አለህ?»

«አለኝ። ግን ይህን የሚጎትት የት አለ? ዳገት ነው፣ ሙሉ ነው።»

«ዜሮ ላይ አድርገውና መሪህን ያዝ» አለው ሙሄ።

ከጎኑ አልፎ ከፊቱ ቆመና ሰንሰለቱን አሰረ። አቡ ነዋፍ አጠገቡ ተቀምጠው «ይችላል?» አሉ በዝግታ።

«ይችላል። አርባ አንድ ለዘጠኝ ነው።»

ፔዳሉን ለቀቀ። ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ አውቶቡሱ ትንሽ ተጨነቀ፤ ከዚያ ሁለቱም አብረው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ከኋላ ካለው አውቶቡስ ሰዎች በመስኮት እጃቸውን አወጡ። ሹፌሩ መሪውን ይዞ አፉን ከፍቶ ይመለከት ነበር።

ሀሰና በዚህ መሐል ምድጃውን ለኩሳ ከሐጅ የተረፈውን ምስርና ሩዝ ጥዳለች። ሰልፉ ሲቆም እሷና ኸይሪያ በትንንሾቹ የተማሪ መስኮቶች ምግብና ውኃ እያቀበሉ ለተጎታቹ አውቶቡስ፣ ከዚያ ከኋላ ላሉት፣ ከዚያ በእግራቸው ለመጡት አደሉ። አንድ ወጣት ፖሊስ መጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። አቡ ነዋፍ ወረቀቱን አሳዩት። አንብቦ መለሰላቸውና «ለልጆቹ አስቀድሙ» ብሎ ሄደ።

በሩ ላይ የደረሱት ከአስር ሰላት በኋላ ነው። ሴቶቹ እየተመረቁና እየመረቁ ወረዱ። ሀሰና ሻንጣዋን አስቀምጣ ሙሄ ፊት ቆመች።

«መቼ ትመጣለህ?»

«እኔ ወረቀት አለኝ፤ እንደማንኛውም መንገደኛ ትኬት ቆርጬ ነው የምወጣው። ረመዳን ሳይገባ አገኝሻለሁ።»

«አቡ ነዋፍ ቅር አይላቸውም?»

«ይላቸዋል። ግን ሚስታቸውን ይወዳሉ፤ ይገባቸዋል።»

ሳቅ አለች፤ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። ሻንጣዋን አንስታ ኋላዋን ሳታይ ገባች። ሙሄ የሄደችበትን በር ሲያይ ቆየ። ከኋላ ያሉት ጡሩንባ ሲነፉበት ወጥቶ መሪውን ያዘ፤ መንሱር ውስጥ ገና ብዙ ሰው ይጠብቃል።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሰ። በአራተኛው ጉዞ ላይ ሰዎች ስም ሰጥተው አውቶቡሱን «የሙሄ ቤት» ይሉት ጀመር። አቡ ነዋፍ አንድም ቀን ከፊት ወንበር አልቀሩም። ሀሰና በዘጠነኛው ቀን ቦሌ ገባች፤ ደውላ ድምፅዋን ሲሰማ ሙሄ የዚያን ዕለት ሁለት ጉዞ ያለምንም ድካም ሠራ።

ለሀሰና የገባውንም ቃል ጠበቀ። ክረምቱ ሳይገባ አቡ ነዋፍን የመጨረሻ መውጫ ወረቀት እንዲያስወጡለት ጠየቃቸው። ሽማግሌው ሌላ ሁለት ዓመት ቢቆይ ምን እንደሚያደርጉለት ነገሩት፤ አዳመጣቸው፣ አመሰገናቸው፣ አልተለወጠም። በመጨረሻ ጀዋዛት አብረውት ሄዱ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኙት በአውቶቡሱ ነው፤ መፍቻዎቹን የያዘችውን ከባድ ሳጥን «እኔ ካልተሸከምኩ» አሉ።

ዛሬ ኮምቦልቻ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሙሄ የራሱ ጋራዥ አለው። የሚሠራው ካምቢዮና ዲፈረንሻል ብቻ ነው። ሌላ ሥራ ይዞ የመጣውን ወደ ጎረቤት ይሰድዳል። ከደሴ፣ ከባቲ፣ አንዳንዴም ከሚሌ የጭነት መኪኖች ይመጡለታል። ሀሰና ከጋራዡ ጎን ምግብ ቤት ከፍታለች፤ መኪናው እስኪጠገን የሚጠብቀው ሹፌር ሁሉ የእሷ ደንበኛ ነው። ሁለት ሴት ልጆች ወልደዋል።

አቡ ነዋፍ በየዓመቱ ከሐጅ በፊት ይደውላሉ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ልጆቹ በየስማቸው ይጠይቃሉ። ከዚያ «ቆይ» ይሉና ስልኩን ይዘው ወደ አውቶቡሱ ይወጣሉ፤ ልጃቸው ሞተሩን ያስነሳል፤ እሳቸው ስልኩን ወለሉ ላይ አድርገው ማርሽ እየተቀየረ ያሰሙታል። ሙሄ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ ዝም እንዲል በእጁ ምልክት ሰጥቶ ያዳምጣል። ባለፈው ዓመት ሁለተኛው ላይ ትንሽ ፉጨት ሰምቶ «ዘይት ይቀይሩ፣ ሌላ ምንም የለበትም» አላቸው። በሳምንቱ መልሰው ደወሉ። ዘይቱ ተቀይሯል፣ ፉጨቱም ጠፍቷል፤ አሁን ቤተዘመዱን ጭነው ወደ ጣኢፍ እየወጡ ነው።